በእብነ በረድ ላይ የተነጠፈ ካርቶን

ሐምሌ ነው፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረው ዝናብ ገና አላባራም። አዲስ አበባ ውስጥ ካሉት ባለ መስታወት ፎቆች በአንዱ ደጃፍ የጥበቃ ሠራተኛው የዕለት ሥራውን ይጀምራል። መጀመሪያ የሚያደርገው ፍተሻ አይደለም። ከጓዳ የተጣጠፈ ካርቶን ያወጣና በሚያብረቀርቀው ደረጃ ላይ ያነጥፈዋል። ካርቶኑ ካነሰ የማዳበሪያ ከረጢት ይጨምርበታል። ከዚያ እዚያው ቆሞ «እማማ ቀስ ይበሉ፣ ያዳልጣል!» ሲል ይውላል።

ይህ ነገር ክረምት በመጣ ቁጥር በየባንኩ፣ በየሆቴሉ፣ በየገበያ ማዕከሉና በየክሊኒኩ በር ላይ ይታያል። ሰው ለምዶታልና አይገረምበትም። መገረም ግን ነበረበት። ደረጃ የተሠራው ሰው እንዲረግጠው ነው። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ይህ ደረጃ ግን የቴሌቪዥን ማሸጊያ ካልለበሰ አይረገጥም። አርክቴክቱ፣ ሥራ ተቋራጩ፣ ባለቤቱና ፈቃድ ሰጪው ያላዩትን ስሕተት የጥበቃ ሠራተኛው በአንድ ካርቶን አርሞታል። የሕንፃው እውነተኛ ግምገማ ያ ካርቶን ነው።

ጉዳዩ የደረጃ ብቻ ቢሆን ኖሮ በካርቶን ይታለፍ ነበር። ከደረጃው በስተጀርባ ግን አንድ እምነት አለ። ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ነገር ሥልጣኔ ነው፣ ሸካራ ነገር ድህነት ነው የሚል እምነት። «ፊኒሺንጉ ምርጥ ነው» ሲባል ያብረቀርቃል ማለት ነው። የአፓርታማ ማስታወቂያ ላይ ወለሉ ፊት ያሳያል፤ ግድግዳው እንደ ሳህን ነው፤ የውጭው ገጽታ ከላይ እስከ ታች መስታወትና አሉሚኒየም ነው። ይህ እምነት ስሕተት ነው። ስሕተትነቱ ደግሞ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ዳሌ ይሰብራል፣ ጆሮ ያደነቁራል፣ ዓይነ ስውሩን ያለ መሪ ይተዋል።

እስቲ ከቃሉ እንጀምር። አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ «ሊሾ» የሚለውን ቃል ያውቃል፤ በሲሚንቶ ተወልውሎ የተሠራ ወለል ማለት ነው። ቃሉ የመጣው ከጣሊያንኛ ሲሆን ትርጉሙ «ለስላሳ» ነው። በጭቃ ወለል፣ እበት እየለቀለቀ ለኖረ ሰው ሊሾ ትልቅ ነገር ነበር። ቁንጫ አይኖርበትም፤ ውኃ ይደፋበትና ይጠረጋል። ያ ደስታ እውነተኛ ነው፤ ማንም ሊንቀው አይገባም። ችግሩ የመጣው ሊሾ ከወለል አልፎ ወደ ግድግዳው፣ ወደ ደረጃው፣ ወደ መንገዱ፣ በመጨረሻም ወደ አስተሳሰቡ ሲገባ ነው። ዛሬ ከተማው በሙሉ ሊሾ ካልሆንኩ ይላል።

ሕንፃን ዓይን የሚያየው ለአፍታ ነው። ከመኪና መስኮት፣ ከስልክ ስክሪን፣ ከምረቃ ቀን ፎቶ። ከዚያ በኋላ ለአርባ ለሃምሳ ዓመት ከሕንፃው ጋር የሚኖሩት እግር፣ እጅ፣ ጆሮና ቆዳ ናቸው። ፊንላንዳዊው አርክቴክት ዩሃኒ ፓላስማ በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የዘመኑ አርክቴክቸር ለዓይን ብቻ እያደላ ሌሎቹን የስሜት ሕዋሳት ረስቷል ብሎ ሞግቷል። መጽሐፉ በዓለም ዙሪያ በአርክቴክቸር ትምህርት ቤቶች ይነበባል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ይህ አዲስ ወሬ መሆን አልነበረበትም። በዚህ ቋንቋ ሰው ቤተ ክርስቲያን «አየሁ» ብሎ አይመለስም፤ «ስሜ መጣሁ» ይላል። ከሕንፃው ጋር የሚገናኘው በከንፈሩና በግንባሩ ነው። በሩን ይሳለማል፣ ግድግዳውን ይደገፋል፣ ጫማውን አውልቆ ወለሉን በባዶ እግሩ ይረግጣል። ሙስሊሙም መስጊድ ሲገባ ጫማውን ያወልቃል፤ ግንባሩም ወለሉን ይነካል። አገሬው ቤትን በቆዳው ሲያውቅ የኖረ ሕዝብ ነው። ይህ ሕዝብ ነው እንግዲህ ዛሬ ማንም ሊነካው የማይፈልገው የአሉሚኒየም ግድግዳ የሚሠራለት።

ላሊበላ የሄደ ሰው ከሁሉ በላይ የሚያስታውሰው የእግሩን መዳፍ ነው። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈሉ ናቸው፤ ግድግዳቸው ላይ የመሮው ምልክት ይነበባል። ወለሉና ደፉ ደግሞ በዘመናት እግር ብዛት ሟሙቶ ጎድጉዷል። እዚህ ላይ «ታዲያ እሱስ ለስላሳ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ነው። ግን ልስላሴ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱን የሚሠሩት ሰዎች ናቸው፤ በመቶ ዓመታት፣ በእግርና በእጅ፤ የተረገጠው ቦታ ይለሰልሳል፣ ያልተረገጠው ሸካራ ሆኖ ይቀራል፤ ገጹ ማን በየት እንዳለፈ ይመዘግባል። ሌላውን ፋብሪካ ይሠራዋል፤ በአንድ ቀን፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት፤ ምንም አይመዘግብም። ሰው ቢያልፍበት ባያልፍበት ግድ አይሰጠውም። ሲያረጅም አያምርም፤ ይሰነጠቃል፣ ይላቀቃል፣ ይጣላል።

አክሱም ላይ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። ትልልቆቹ ሐውልቶች በሮች፣ መስኮቶችና የእንጨት ጫፎች ተቀርጸውባቸዋል፤ ከግድግዳ ወጣ ብለው የሚታዩት ክብ የግንድ ጫፎች «የዝንጀሮ ራስ» ይባላሉ። በደብረ ዳሞና በይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቁ የተሠሩት ግድግዳዎች የዚያው ሙያ ሌላ ገጽ ናቸው። ይህ ለጌጥ ብቻ አልነበረም። በዚህ አገር ፀሐይ ከአናት በላይ ትወጣለች፤ ከግድግዳ ትንሽ ወጣ ያለ ነገር ሁሉ ጥላ ይጥላል። ጥላው ከጠዋት እስከ ማታ ይንቀሳቀሳል፤ ግድግዳውም በየሰዓቱ ይለወጣል። የጥንቱ ግንበኛ ፀሐይዋን ተጠቅሞባታል። የዛሬው የመስታወት ግድግዳ ግን ፀሐይዋን ተቀብሎ ወደ መንገደኛውና ወደ ሾፌሩ ዓይን ይመልሳታል፤ ያልመለሰውን ሙቀት ወደ ውስጥ ያስገባና ሠራተኛውን ከሰዓት በኋላ ያፍነዋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ በተቀመጠ፣ አየሩ በራሱ በቀዘቀዘ ከተማ፣ ቢሮ ለማቀዝቀዝ ኤሌክትሪክ መክፈል ሞኝነት ነው።

አሁን ወደ ደረጃው እንመለስ። አንድ ወለል ምን ያህል እንደሚያዳልጥ በዓይን ግምት የሚተው ነገር አይደለም። በጀርመን ደረጃ መሠረት ሞካሪው ዘይት የተቀባ ተዳፋት ላይ ይራመዳል፤ ተዳፋቱ ቀስ በቀስ ከፍ ይላል፤ ሰውየው መንሸራተት የጀመረበት ማዕዘን ይለካል። ወለሉም ከR9 እስከ R13 ድረስ ደረጃ ይሰጠዋል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ወለሉ ይበልጥ ይቆነጥጣል። ብዙ አምራቾች ይህን ቁጥር በካርቶኑ ወይም በካታሎጉ ላይ ያሰፍሩታል። እስቲ አዲስ አበባ ውስጥ ሴራሚክ ሲገዛ ይህን ቁጥር የሚጠይቅ ስንት ሰው አለ? የሚጠየቀው ቀለሙ፣ ስፋቱና ማብረቅረቁ ነው። ለሳሎን የተሠራው ሴራሚክ ዝናብ በሚያርፍበት በረንዳ ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ ሐምሌ ይመጣል፤ ከዚያ ካርቶን ይፈለጋል።

ወጣት ቢወድቅ ተነስቶ ልብሱን አራግፎ ይሄዳል፤ አይቶት የሳቀ ካለ አብሮ ይስቃል። የሰባ ዓመት እናት ከወደቁ ነገሩ ሌላ ነው። ዳሌያቸው ይሰበራል። በዚያ ዕድሜ የዳሌ ስብራት ማለት ቀዶ ሕክምና፣ ወራት አልጋ ላይ፣ ለብዙዎች ደግሞ ዳግም ያለ ሰው ድጋፍ አለመራመድ ነው። ልጃቸው ሥራ ትታ ታስታምማለች፤ ቤተሰቡ ይበደራል። ይህ ሁሉ የሆነው አንድ ሰው ደረጃው «ጌጥ እንዲኖረው» ስለፈለገ ነው። ሰው ደግሞ ራሱን ይወቅሳል፤ «አላየሁም ነበር፣ ጫማዬ ነው» ይላል። ጫማው አይደለም። ወለሉ ነው።

ድንጋይን የማያዳልጥ ማድረግ ሰው ያጣው ጥበብ አይደለም። በአማርኛ ቃሉ እንኳ አለ፤ መውቀር። በእጅ ወፍጮ የፈጨች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። ወፍጮው ሲሠራ ውሎ ሲያድር ይለሰልሳል፤ የለሰለሰ ወፍጮ እህሉን ያንሸራትተዋል እንጂ አይፈጨውም። ያን ጊዜ ሴትየዋ መውቀሪያዋን አንስታ ድንጋዩን እየነቆረች ትወቅረዋለች፤ ሸካራነቱን ትመልስለታለች። ለስላሳ ወፍጮ ያማረ ወፍጮ ነው ያለ የለም። የላሊበላዎቹም «ውቅር አብያተ ክርስቲያናት» የሚባሉት በዚሁ ግስ ነው። ዛሬም ግራናይትም ሆነ የአገር ቤት ድንጋይ በመዶሻ ሊወቀር፣ በእሳት ሊለበለብ ይችላል፤ ገጹ ይሻክራል፣ ውበቱ አይጠፋም። የደረጃውን ጫፍ አራት ጣት ያህል ብቻ መውቀር የስንት ሰው ዳሌ ያተርፍ ነበር።

ከደረጃው ገባ ሲባል ደግሞ ጆሮ ይቀበላል። በምሳ ሰዓት አንድ አዲስ ካፌ መግባት በቂ ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው መስታወት፣ ኮርኒሱ ጂፕሰም፣ ጠረጴዛው መስታወት። ሃያ ሰው ሲያወራ የሁለት መቶ ሰው ገበያ ይመስላል። ጠንካራና ለስላሳ ገጽ የደረሰውን ድምፅ አይውጥም፤ መልሶ ይወረውረዋል። እያንዳንዱ ሰው ለመሰማት ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ሁሉም ከፍ ሲያደርግ ማንም አይሰማም። ከዚያ «የዘንድሮ ሰው ጯሂ ነው» ይባላል። ሰውየው ሳይሆን ግድግዳው ነው የሚጮኸው።

ይህም የታወቀ ሳይንስ ነው። በ1895 እ.ኤ.አ. ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አዲስ በተሠራ የትምህርት አዳራሽ መምህሩ የሚለው አልሰማ አለ። ነገሩን እንዲያስተካክል የታዘዘው ወጣቱ የፊዚክስ መምህር ዋላስ ሳቢን ነበር። ሲለካ አንድ ድምፅ ከተሰማ በኋላ ከ5 ሰከንድ በላይ አዳራሹ ውስጥ ሲዞር ይቆያል፤ ስለዚህ አንዱ ቃል ሳይሞት ሌላው ይደርብበታል። ሳቢን ከሌላ አዳራሽ የወንበር ትራሶች በሌሊት እያስመጣ ይደረድር ጀመር። ትራስ በተጨመረ ቁጥር ማስተጋባቱ አጠረ። የድምፅ ጥናት ሳይንስ አንዱ መሠረት የተጣለው በእነዚያ ትራሶች ነው። ትምህርቱ ቀላል ነው፤ ለስላሳ ጨርቅ፣ ቀዳዳ ያለው ነገር፣ ሸካራና ያልተስተካከለ ገጽ ድምፅን ያረጋጋል።

አሁን ያንን ትምህርት ወደ መማሪያ ክፍል እንውሰደው። ባዶ ሲሚንቶ ግድግዳ፣ ሊሾ ወለል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ በአንድ ክፍል ሃምሳና ስልሳ ልጅ። መምህሯ ቀኑን ሙሉ ትጮኻለች፤ ከሰዓት በኋላ ድምፅዋ ይዘጋል። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ የተባለውን ግማሹን ይሰማል፣ ግማሹን ይገምታል። ፈተና ሲወድቅ «ሰነፍ» ይባላል። ክፍሉ ግን ገና ሲገነባ ጆሮውን ነጥቆት ነበር። የምርጊት ግድግዳ፣ የቀርከሃ ወይም የሰሌን ኮርኒስ፣ ከኋላ የተሰቀለ ጨርቅ እንኳ ልዩነት ያመጣ ነበር። ይህ ቅንጦት አይደለም፤ ትምህርት የሚሰማበትና የማይሰማበት ልዩነት ነው።

ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የኮንዶሚኒየም ሴራሚክ ወለል በባዶ እግር የረገጠ ያውቀዋል። በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉ እንጨትና ሴራሚክ ሙቀታቸው እኩል ነው፤ ሴራሚክ ግን የእግርን ሙቀት በፍጥነት ስለሚስብ ብርድ ሆኖ ይሰማል። በዚያ ወለል ላይ ሕፃን ዳዴ ይላል፤ አያት ይሰግዳሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ቡና ሲፈላ በዚያው ሴራሚክ ላይ ሣር ይጎዘጎዛል፤ ሣር የማያገኙቱ የፕላስቲክ ሣር ገዝተው ከረከቦቱ ሥር ያነጥፋሉ። ሰው ይስቅበታል፤ «የፕላስቲክ ሣር ላይ ቡና» ብሎ ያሾፋል። የሚያስቅ ግን አይደለም። ሰውየው እግሩ የሚረግጠው፣ ዓይኑ የሚያርፍበት ነገር አጥቶ፣ ያጣውን ከፋብሪካ መልሶ መግዛቱ ነው። ያ ምንጣፍና ያ ካርቶን ወንድማማቾች ናቸው፤ ሁለቱም ወለሉ ያልሰጠውን ለሰው የሚሰጡ ናቸው።

ለዓይነ ስውር ደግሞ የወለል ገጽ መንገድ ጠቋሚ ነው። ጃፓናዊው ሴይቺ ሚያኬ በ1965 እ.ኤ.አ. እግር የሚያነበውን ባለ ነጠብጣብ ንጣፍ ፈጠረ፤ በ1967 እ.ኤ.አ. ኦካያማ ከተማ ውስጥ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አቅራቢያ ተነጠፈ። ዛሬ በአዲስ አበባም በአንዳንድ አዳዲስ የእግረኛ መንገዶች ላይ ይታያል፤ ይህ መመስገን ያለበት ነው። ነገር ግን ይህ ንጣፍ ቋንቋ ነው፤ ቋንቋ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ከተቆረጠ ውሸት ይሆናል። መስመሩ ምሰሶ ላይ ከሄደ፣ ሱቅ ከተዘረጋበት፣ ወይም የሕንፃው ደጃፍ ሲደርስ በሚያብረቀርቅ ደረጃ ካለቀ፣ ሰውየውን እየመራ ወደ አደጋ ያስገባዋል።

እዚህ ላይ የሚነሱ ሦስት መከራከሪያዎች አሉ፤ ሦስቱም መልስ ይገባቸዋል።

አንደኛው «የጭቃ ቤት የሚናፍቀው ጭቃ ቤት ያልኖረበት ነው» የሚለው ነው። እውነት ነው። ጣሪያው የሚያፈስ፣ ግድግዳው የሚፈርስ፣ ቱቦ የሌለው ቤት ሊናፈቅ አይገባም። ግን ማንም ወደ እርሱ እንመለስ አላለም። የጭቃ ቤት ችግር ሸካራነቱ አልነበረም፤ ውኃ፣ ፍሳሽና መሠረት ማጣቱ ነበር። ድህነቱን ለመሻር ሲባል አብሮ የተጣለው ነገር ነው የሚያስቆጨው፤ ጭድ ከጭቃ ጋር አብኩቶ፣ የመራጊዋ ጣት አሻራ እስኪቀርበት ድረስ በእጅ የተመረገ ግድግዳ ድምፅ ያረጋጋ ነበር፤ ብርድና ሙቀትም ያቻችል ነበር።

ሁለተኛው «ለስላሳ ነገር ለማጽዳት ይቀላል» የሚለው ነው። ለቀዶ ሕክምና ክፍልና ለወጥ ቤት ግድግዳ ልክ ነው። ለውጭ ደረጃ ግን ያቺ በቀን አሥር ጊዜ መወልወያ ይዛ ስትንበረከክ የምትውለው የጽዳት ሠራተኛ ትጠየቅ። በሚያብረቀርቅ ወለል ላይ የአንድ ጫማ ጭቃ እንኳ ይጮኻል። በተወቀረ ድንጋይ ላይ አይታይም፤ ዝናቡ ራሱ ያጥበዋል።

ሦስተኛው «ድንጋይና የእጅ ሥራ ውድ ነው» የሚለው ነው። የአምቦ ድንጋይ በዶላር አይገዛም። አዲስ አበባ ውስጥ በጥርብ ድንጋይ የተሠሩ አሮጌ ሕንፃዎች አሉ፤ ድንጋዩም ጠራቢውም ከዚሁ ነው። ኮብልስቶን ሲጀመር በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ድንጋይ መጥረብ ተምረዋል። ያ ሙያ በእጃቸው አለ፤ ከመንገድ ወደ ደረጃና ወደ ግድግዳ የሚያሻግረው ጠፋ እንጂ። በእርግጥ ኮብልስቶንም ከነቀፋ አያመልጥም። በትክክል ያልተነጠፈው ተሽከርካሪ ወንበር ያግዳል፤ ነፍሰ ጡሯን በባጃጅ ላይ ያንገላታል። ስለዚህ ክርክሩ «ሸካራ ሁሉ ጥሩ ነው» የሚል አይደለም። እግር የሚቆነጥጠው፣ ጎማ የሚያልፍበት፣ እጅ የሚይዘው፣ ጆሮ የሚያርፍበት ገጽ በየቦታው ይለያያል፤ ባለሙያ የሚባለውም ይህን የሚለይ ነው።

የሚጠየቀው ነገር ብዙ አይደለም። ዝናብ የሚያርፍበት ደረጃና መወጣጫ ሁሉ ያልተወለወለ ይሁን፤ ፈቃድ ሰጪውም ከመመረቁ በፊት ውኃ ደፍቶበት ይራመድበት። ሴራሚክ የሚሸጥ ሁሉ የመንሸራተት ደረጃውን እንደ ዋጋው በግልጽ ይጻፍ። መማሪያ ክፍልና የሕሙማን መጠበቂያ ሲነደፍ ድምፅ የሚውጥ ገጽ በዝርዝሩ ይግባ። የእጅ መደገፊያ ብረት ብቻ ሳይሆን እንጨትም ይሁን፤ ጠዋት የማይቀዘቅዝ፣ ቀን የማያቃጥል፣ በእጅ ብዛት የሚያምር። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ እንዲህ ዓይነት በሰው እጅ የለዘቡ መደገፊያዎች አብረው ሄደዋል፤ ቢያንስ አዲሱ ቤት የልጅ ልጆች የሚያለዝቡት አንድ ነገር ይኑረው።

ከሁሉም በላይ ግን ሕንፃ የሚነደፍበት ዓይን ይለወጥ። ዛሬ ባለቤቱ የሚያጸድቀው የኮምፒውተር ሥዕል ነው። ሥዕሉ ውስጥ ሁልጊዜ ፀሐይ ነው፤ ሰዎቹ ሁሉ ወጣት ናቸው፤ ማንም ምርኩዝ አልያዘም፤ ማንም አይጮኽም፤ አይዘንብም። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ይዘንባል። እማማ ምርኩዛቸውን ይዘው ጡረታቸውን ሊቀበሉ ይመጣሉ።

በሚቀጥለው ክረምት ካርቶኑ የተነጠፈበት ደጃፍ የሚያልፍ ሰው፣ ወደ ላይ አንጋጦ የመስታወቱን ቁመት ከማድነቁ በፊት ወደ ታች ይመልከት። የለሰለሰ ወፍጮ እንደማይፈጭ ሴቶች ያውቃሉ፤ መውቀሪያ ያነሳሉ። ከተማዋም የሚያነሳላት ትፈልጋለች። እስከዚያው ድረስ ግን እማማን ከመውደቅ የሚያድናቸው ፎቁ ሳይሆን ጥበቃው ያነጠፈው ካርቶን ነው።